አንድ አባታችን ሆይ እስኪደገም

በኢቃማዬ፣ በሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ፣ ሙያ በሚለው መስመር፣ «ዓሚል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የጉልበት ሠራተኛ ማለት ነው። ያን ካርድ በኪሴ ይዤ ደማምና ኾበር ስመላለስ፣ ጣልያንኛን እንደ አገሬው ሰው፣ ላቲንን ከብዙ ቄስ በተሻለ፣ እንግሊዝኛን፣ ዐረብኛንና ግእዝን የማነብ ሰው ነበርኩ። ዓሚል! ከነዚህ ሁሉ በአስተማሪ የተማርኩት ግእዙን ብቻ ነው፤ ሌላውን ያስተማርኩት ራሴው ነኝ። «ለመመካት አይደለም እንጂ» እያሉ የሚመኩ ሰዎች አሉ። እኔ ለመመካት ነው የምናገረው። ማንም ሳይሰጠኝ ባገኘሁት ነገር ለመመካት የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም።

ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ጣልያናዊ አንጥረኛ ስለ ሐኪሞች መሣሪያ አሠራር መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ያን መጽሐፍ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። በምላሹ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በፊት ገጹ ላይ፣ ተርጓሚ ከሚለው ቃል አጠገብ፣ ስሜ ከነአባቴና ከነአያቴ እንዲቀመጥ። ስሜስ ተጽፏል። እንዴት እንደተጻፈ ባሰብኩ ቁጥር ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ብረት ሥራ የተማርኩት ድሬዳዋ ነው፣ ከአንድ ጣልያናዊ ሽማግሌ ዘንድ። መቀስና ቢላ ይስላል፤ የሆስፒታሉን የቀዶ ጥገና መሣሪያም ይጠግናል። ቋንቋውን አላስተማረኝም፤ ሰደበኝ እንጂ። ቀኑን ሙሉ ይሰድበኛል፣ እኔ ስድቡን በቃሌ እይዛለሁ፣ ማታ ከስድቡ ሰዋስው አወጣለሁ። ሲሞት ከዕቃው መካከል አንድ የላቲን መዝገበ ቃላት ደረሰኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት አይጥ በልቷቸዋል። በነዚያ ፊደላት የሚጀምሩትን ቃላት ከሌሎቹ ገምቼ ነው ያወቅኋቸው፤ ግምቴም ተሳስቶ አያውቅም እል ነበር።

ደማም የገባሁት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያስመጣኝ የጥገና ሥራ የሚሠራ ኮንትራክተር ነበር፤ ካፊሌ፣ በስሙ አገር የገባሁበትና የምኖርበት ሰው፣ እሱ ነው። እሱ ለአንድ ሆስፒታል አከራየኝ። ሥራዬ ምድር ቤት፣ መሣሪያ ከጀርም እንዲጸዳ በእንፋሎት ከሚመክንበት ክፍል አጠገብ ነበር። የደነዘ መቀስ እስላለሁ፣ አፉ የተዛነፈ መቆንጠጫ አቃናለሁ። ቀዳጅ ሐኪሞቹ መሣሪያውን በትሪ ወደ ታች ይልኩታል፣ ተስሎ ወደ ላይ ይመለስላቸዋል። ማን እንደሳለው የጠየቀ አንድም አልነበረም። የሕክምናም ታሪክ እንዲሁ ነው። ታሪኩን የሚጽፉት ሐኪሞች ናቸውና እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሐኪም አለ፤ ምላጩን ያነጠረው ሰው ግን የለም። ሐኪሙ በጥርሱ ነው እንዴ ሲቀድ የኖረው? ይህን ጥያቄ ብዙ ዶክተሮች ፊት አንስቼዋለሁ፤ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

አንድ ቀን አንድ ጡረታ የወጣ የሳዑዲ ቀዳጅ ሐኪም ወደ ምድር ቤት ወረደ። ከውጭ የገዛትን፣ ድሮ የበሽተኛ ደም ያወጡባት የነበረችውን አሮጌ የደም መክፈቻ ምላጭ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል።

«ያ ሙሀንዲስ» አለኝ፤ የእጅ ባለሙያ ሁሉ እዚያ ሙሀንዲስ ነው። «ይህችን ትስልልኛለህ?»

ምላጯን አላየሁም። ወረቀቱን ነበር የማየው። ከአሮጌ መጽሐፍ የተነሣ ፎቶኮፒ ነው።

«መሳሉንስ እስላታለሁ» አልኩት። «የጠቀለልክበት ወረቀት ግን አሮጌ ምላጭ በእሳት ሳይታደስ አይሳል ይላል።»

«ወረቀቱን ታነበዋለህ?»

«አንተ አታነበውም?»

ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ ያ ነገር ሁልጊዜ ይስማማኛል። ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መጽሐፉ በሙሉ ፎቶኮፒው ቤቱ አለ። የቀዶ ጥገና መሣሪያ ታሪክ ሊጽፍ ያስባል፤ ከሙስሊም ሐኪሞች ወደ ፈረንጅ የተሻገረውን ዕውቀት ሊያሳይ። ለሁለት የተማሩ ሰዎች ሰጥቶ ሁለቱም ቋንቋውን እናውቀዋለን፣ ነገሩ ግን አይገባንም ብለው መልሰውለታል። አይፈረድባቸውም። ወናፍ ነፍቶ የማያውቅ ሰው ያን መጽሐፍ ሊያነበው አይችልም።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ከዓስር ሶላት በኋላ አል ፈይሰሊያ ሰፈር ቤቱ እሄዳለሁ። ሳምንቱን በአማርኛ ደብተሬ ላይ ስተረጉም እቆይና፣ እንግዳ መቀበያው መጅሊስ ውስጥ ተቀምጬ ከደብተሬ እያየሁ በዐረብኛ እነግረዋለሁ፤ እሱ በተዋበ ዐረብኛ ይጽፈዋል። ክፍያ አልጠየቅሁም፣ እሱም አላነሣም። በመጀመሪያው ሐሙስ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ «ስሜ ከስምህ ሥር ይገባል።»

«ኢንሻአላህ» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

አሠራሬን ልንገራችሁ። በእጄ ያልሠራሁትን አልተረጉምም። መጽሐፉ ስለ መጋዝ ጥርስ ካወራ መጋዝ እሞርዳለሁ። የቁስል መተኮሻ ብረት ካለ ብረቱን እቀጠቅጣለሁ። እንዲህ የሚሠራ ተርጓሚ አላየሁም፣ አልሰማሁምም። ለዚህ ሥራ ኾበር፣ ዐቅረቢያ ሰፈር ውስጥ የመስኮት ፍርግርግ የሚበይድ አንድ የወሎ ሰው ነበረኝ። ፍም የሚያነድበት ጎድጓዳ ብረት፣ መስፍና ጉጠት አለው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቁን ገርበብ አድርጎ ይጠብቀኛል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ያ አንጥረኛ የሥራ ጊዜን የሚለካው በጸሎት ነው። በዘመኑ ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት ያለው የእጅ ባለሙያ አልነበረም፤ ጸሎት ግን ሁሉም ያውቃል። «አንድ አባታችን ሆይ እስኪደገም በጋለው ብረት ላይ ይቆይ» ይላል። «ሦስት እስኪደገም ይፍላ» ይላል። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ነው። ይህን ለዶክተሩ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ።

«በኔ መጽሐፍ ውስጥ የነሷራ፣ የክርስቲያን ጸሎት አይገባም» አለ። «ሐኪም በጸሎት አይለካም። ደቂቃ አድርገው።»

ተናደድኩ። ጸሎቱን ማውጣት ሰውየውን ከሱቁ ማውጣት ነው አልኩት። አልሰማኝም። እኔም ደቂቃ ካስፈለገ ከኔ የተሻለ ሊለካው የሚችል የለም ብዬ፣ ከሥራ ክፍሌ የሩጫ ሰዓት ይዤ፣ አቡነ ዘበሰማያትን በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን እንደተማርኩት እስከ መጨረሻው ደገምኩ። አንድ ደቂቃ ሞላ። ዐሥር ጊዜ ደገምኩት፣ ዐሥሩንም ጊዜ አንድ ደቂቃ። እንዲህ የተስተካከለ ምላስ ነው ያለኝ። አንድ አባታችን ሆይ ባለበት ሁሉ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ባለበት ሦስት ደቂቃ ብለን ጻፍን።

የወሎው ሰውዬ ሱቅ ሄጄ ከእሱ ጋር የደም መክፈቻዋን ምላጭ አሠራር ስንሞክር ነው ችግሩ የመጣው። ምላጯ ግላ ውሃ ውስጥ ትነከራለች፤ ያን ጊዜ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ነች። ስለዚህ በጋለ ብረት ላይ ለአንድ አባታችን ሆይ ያህል አስቀምጠው ያለዝቧታል። ካነሰ ትሰበራለች፤ ከበዛ ትለሰልሳለች። ምላጯን አስቀመጥኩ፣ መድገም ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ዝቅ አርገው ይድገሙ» አለኝ ሰውዬው፣ በሩን እያየ። «እሳት ፊት ቆመው፣ አሮጌ ወረቀት ይዘው ሲያነበንቡ የሰማ ሁሉ ሲህር ነው፣ አስማት ነው የሚለው። ኋላ ለሁለታችንም ጣጣ ነው፣ ሙሽኪላ ነው።»

«ዝም በል፣ ታሳስተኛለህ።»

ጨርሼ ነከርኳት፣ ሳልኳት፣ በጥፍሬ ላይ ሞከርኳት። ስለቷ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ።

«ብረቱ ነው» አልኩ። ብረት ቀየርን፣ ታጠፈ። «ከሰሉ ነው።» ከሰል ቀየርን፣ ታጠፈ። «አንተ ነህ፣ እሳቱን ታበዛዋለህ።»

«እኔ ምን አረግሁ! እሳቱስ እርስዎ እንዳሉት ነው» አለና ሳቀ። «ጋሼ፣ በኔ ፋቲሓ ለምን አንሞክራትም? አጠር ያለች ናት።»

«ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሳይንስ ነው።»

«ሳይንሱ ተጣመመብዎ እኮ!»

ተናድጄ ውሃ ልጠጣ ወደ ኋላ ስሄድ፣ እሱ የራሱን ቁራጭ ብረት አስቀምጦ፣ ቢስሚላህ ብሎ ፋቲሓውን ጨርሶ ነከራት። ስመለስ የክንዱን ጸጉር እየላጨ ነው።

«ወላሂ ላጨች! ጋሼ፣ ማሻአላህ ይበሉ እንጂ!»

«ዕድል ነው» አልኩት።

በቀጣዩ ሐሙስ ለዶክተሩ የግርጌ ማስታወሻ አስጻፍኩት። እዚህ ላይ ጸሐፊው ተሳስቷል፤ በዚህን ያህል ጊዜ ምላጭ ይለሰልሳል እንጂ አይሰላም፤ የራሱን ሥራ በቅጡ ያልለካ ይመስላል የሚል። እንዲህ ያለ ማስታወሻ በየምዕራፉ እየበዛ ሄደ። ሌላም አለ። አንድ ስለ መተኮሻ ብረት የሚያወራ ቦታ ላይ መጽሐፉ «አንድ አባታችን ሆይ እና አንድ የመልአኩ ሰላምታ እስኪደገም» ይላል። እንዴ፣ አንዱ ካለ ሌላው እንደሚከተል ማን ያጣዋል፤ አታሚው ደጋግሞታል ብዬ ሰላምታውን ሰረዝኩት። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ አርሜዋለሁ ብዬ ተደሰትኩ!

መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ሊሄድ ሲል ያ ዓመት መጣ፤ ከካፊሉ ውጭ የሚሠራ፣ ኢቃማው ላይ ካለው ሙያ ሌላ የሚሠራ ሁሉ ወይ ወረቀቱን ያስተካክል ወይ ይውጣ የተባለበት ዓመት። ዶክተሩ አንድ ሐሙስ ሻዩን ሳይቀዳልኝ ጀመረ።

«ስምህን ማስገባት አልችልም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ኢቃማህ ዓሚል ይላል። ካፊልህ ሌላ ነው። ዘንድሮ የሠራም ያሠራም ይቀጣል። ስምህን ባሳትመው በራሴ ላይ ምስክር ጻፍኩ ማለት ነው።»

«ሰባት ዓመት እዚህ ምንጣፍ ላይ ስቀመጥ ኢቃማ አልነበረኝም?»

«ያኔ የሚጠይቅ አልነበረም።»

«ተርጓሚ የሚለው ቦታ ላይ ታዲያ የማን ስም ሊገባ ነው?»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ያኔ ኢንሻአላህ ሲል እንዳደረገው። የራሱ ማለቱ ነበር።

«ምስጋናው ውስጥስ?»

«ምስጋናው ውስጥ ‹ለረዱኝ ሁሉ› ብያለሁ። አንተም ከሁሉ አንዱ ነህ። ኸላስ።»

ከአል ፈይሰሊያ እስከ ማደሪያዬ በእግሬ ሄድኩ፤ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ዕድሜዬ። በመንገዱ ሁሉ ጮክ ብዬ እሳደብ ነበር፣ በጣልያንኛ፤ ለስድብ እሱን የሚያህል ቋንቋ አላገኘሁም። ከሁሉ አንዱ! የመጅሊሱን ምንጣፍ የሚያጥበውም ከሁሉ አንዱ ነው። ካፊሌን ሙያዬን አስቀይርልኝ ብዬ ብጠይቀው «አንተ በዚህ ዕድሜህ ምን ልትባል ትፈልጋለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ተርጓሚ አልኩት። ይባሱኑ ሳቀ። የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ፣ ምታልኝ፣ አገሬ እገባለሁ አልኩት። ያን ግን ወዲያው አደረገው።

ልሄድ መሆኔን ስትሰማ መሣሪያ ማምከኛ ክፍል አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት «ሳንጸልይልዎ አይሄዱም» አለችኝ። ጴንጤ ነች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በሥራ ሰዓት እንደ ድመትና አይጥ ስንከራከር ነው የኖርነው። ግን ከዚያ ሕንጻ ውስጥ የቀን ሙሉ ሥራዬን አይታ «እጅዎ ይባረክ» ያለችኝ እሷ ብቻ ነች። ሄድኩ። ዐቅረቢያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ መጋረጃው ተዘግቷል፣ በበሩ ሥር ፎጣ ተወትፏል፣ መዝሙሩ እንዳይሰማ ቴሌቪዥኑ ጮክ ተደርጎ ተከፍቷል። ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች፣ ሹፌርም፣ ነርስም፣ የቤት ሠራተኛም፣ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። በመጨረሻ ትልቃቸው «አባታችን ሆይን አብረን ብለን እንለያይ» አለ።

ሁሉም ጀመሩ፣ እኔም ጀመርኩ። «አሜን» ብለው አቆሙ። እኔ ቀጠልኩ። «እመቤቴ ማርያም ሆይ» ብዬ ብቻዬን ስወርድ ሁሉም ዞረው አዩኝ። የጠራችኝ ልጅ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንፈቀፈቃለች።

«ጋሼ» አለች፣ «እኛ ጋ አበቃ እኮ።»

«ምኑ ነው ያበቃው? ገና ግማሽ ላይ ናችሁ!»

«የማቴዎሱ እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው። እርስዎ የጨመሩት መልአኩ ለማርያም ያላትን ነው፤ ያ የሉቃስ ነው። እናንተ አያይዛችሁ ስለምትደግሙት አንድ መስሎዎት ነው?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ላይ ነበር።

«እስቲ እንደገና በሉት» አልኩ።

«ምኑን?»

«አባታችን ሆይን። በዝግታ። እናንተ የምትሉትን ብቻ።»

መንፈስ የነካኝ መሰላቸው። አንዱ «ሃሌሉያ» አለ። ዳግመኛ አሉት። ሃያ አምስት ሰከንድ።

ተቀመጥኩ። ልጅቷ ውሃ አመጣችልኝ። ሁለቱን ጸሎቶች ፊደል ሳልለይ ጀምሮ እንደ አንድ ነው የማውቃቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሰው አንዱን ብቻ ብሎ የሚያቆም አይቼ አላውቅም። ያ ጣልያናዊ ግን አንድ ሲል አንድ ማለቱ ነበር። ሁለቱን ሲፈልግ ሁለቱን ብሎ ጽፏል፤ እኔ ነኝ የሰረዝኩበት። ፋቲሓም ብትሆን ከአንዱ አባታችን ሆይ አትረዝምም።

በማግሥቱ ሱቁ ሄጄ ምላጭ አስቀመጥኩ፤ አንዱን ብቻ ደግሜ ነከርኳት። ክንዴን ላጨችው። የወሎው ሰውዬ ጉጠቱን እንደያዘ ዓየኝ።

«ዕድል ነው» አለ።

ይገባኛል ብዬ ዋጥኩት።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። መጽሐፉ ታትሟል። ተርጓሚ በሚለው ቦታ የዶክተሩ ስም አለ፤ ከመተኮሻው ብረት ቦታ በቀር በየገጹ ያለው ደቂቃ ሁሉ ስህተት ነው። ይኸውልህ አልኩ፣ ስሙን የወሰድክ ስህተቱንም ውሰድ። ሁለት ቀን ይህን እንደ ከረሜላ ስመጠው ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ደብተሬን ገልጬ የግርጌ ማስታወሻዎቼን አነበብኩ። «የራሱን ሥራ በቅጡ ያልለካ።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሐኪሞች ታሪካቸው ውስጥ ያላስገቡትን ሰው፣ የኔን ቢጤ የብረት ሰው፣ በሙያው ሐሰተኛ አድርጌ አሳትሜዋለሁ። ስሜ ተሰረዘ ብዬ ከተማውን በስድብ ያናወጥኩት እኔው የእሱን ስም አጥፍቻለሁ። በዶክተሩ ብቻ ስናደድ መኖር ይቀለኝ ነበር።

አገር ልገባ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ዶክተሩ ደወለ። ኒስፍ አልቀመር በሚባለው የባሕር ዳርቻ ባለው ማረፊያ ቤቱ እንግዶች ጠርቷል፤ ካርቶኖቹን ከመኪና የሚያወርድለት ሰው ይፈልጋል። ለመጽሐፌ ምርቃት ዕቃ አውራጅ ሆኜ ተጠራሁ! ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ። ሁለቱን ምላጮች፣ የለሰለሰችውንና የሰላችውን፣ በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

እንግዶቹ ሐኪሞች ናቸው፤ ስድስት ይሆናሉ። እኔ ካርቶን ተሸክሜ ስገባ ስወጣ አንዱ ወፍራም ሐኪም የግርጌ ማስታወሻዬን ጮክ ብሎ እያነበበ ይስቃል።

«ስሙ፣ ስሙ፤ ምስኪኑ አንጥረኛ የገዛ ሥራውን አያውቀውም ነበር!»

ካርቶኑን እንደተሸከምኩ ቆምኩ።

«አንጥረኛው አልተሳሳተም» አልኩ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ብድግ አለ። «ያ ሙሀንዲስ፣ አስቀምጠውና ሻይ ጠጣ።»

«የምን ሻይ!»

«ማነው ይሄ?» አለ ወፍራሙ።

«ዕቃ የሚያወርድልኝ ነው።»

«ዕቃ የሚያወርድ ሰው» አልኩ፣ ድምፄ ባሕሩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፣ «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ደቂቃ የተባለው ሁሉ ሃያ አምስት ሰከንድ መሆኑን ከየት ያውቃል? የለካሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጸሎት እንደ አንድ ቆጥሬ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ይህ ሰውዬ ጣልያንኛ አንዲት ቃል አያነብም። ጠይቁት!»

ካርቶኑን ጣልኩና ምላጮቹን አወጣሁ። የለሰለሰችው በመጽሐፉ ደቂቃ፣ የሰላችው በአንጥረኛው ጸሎት የተሠራች እንደሆነች ነገርኳቸው። ወፍራሙ ሐኪም ሁለቱንም ተቀብሎ በክንዱ ላይ ሞከራቸው። አንዷ ታጠፈች። ሌላዋ ጸጉሩን ጠረገችው። ምላጯን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ብዙ አያት። «ይህን አንተ ሠራኸው?» አለኝ። በዚያ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀዳጅ ሐኪም ስለ መሣሪያ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ዶክተሩ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ፣ አሸዋው ላይ፣ አወጣኝ። ፊቱ ጠቁሯል።

«አዋረድከኝ።»

«ስሜ ቢገባ ኖሮ የምዋረደው እኔ ብቻ ነበርኩ» አልኩት።

ሞኝ ሰው አይደለም፤ ክንዴን ሲለቅ ሐሳቡ ሲዞር ታየኝ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ጠራኝና የታተመ ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ አንድ። እንዲህ ይላል፤ ከመተኮሻው ብረት ቦታ በቀር አንድ ደቂቃ የተባለው ሁሉ ሃያ አምስት ሰከንድ ተብሎ ይነበብ። ጸሐፊው ተሳስቷል የሚሉት ማስታወሻዎች ይሰረዙ። ስህተቱ የተርጓሚው ነው። ከዚያ ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም፤ አንዲት ፊደል ሳትጎድል።

«ሙኻለፋውስ? ሕግ መጣሱስ?» አልኩት። «ኢቃማዬስ?»

«አንተ በኹሩጅ ልትሄድ ነው» አለ። «አሁን ማንም አይጠይቅም።»

አያችሁልኝ? ለምስጋና ሲሆን ስሜ ሕገ ወጥ ነበር፤ ለስህተት ሲሆን ሕጋዊ ሆነ። ወረቀቱን ፊቱ ላይ ልቀድለት እጄ ተነሥቶ ነበር። ግን ከላይ ያለውን እንደገና አነበብኩት። አንጥረኛው ነጻ ወጥቷል።

«በየመጽሐፉ መካከል አስገባቸው» አለኝ።

«ይወድቃሉ። መለጠፍ አለባቸው።»

«እንግዲያው ለጥፋቸው።»

ግቢው ውስጥ ባለው የሹፌሩ ማእድ ቤት ገባሁ። ያ አንጥረኛ የምላጭ ማኅደር ቆዳ የሚያጣብቅበት የዱቄት ማጣበቂያ አለው፤ ከፈላ በኋላ አንድ አባታችን ሆይ እስኪደገም ብቻ እሳት ላይ ይቆያል፤ ከዚያ ካለፈ ይጓጉላል፣ አይይዝም። ሲፈላ መድገም ጀመርኩ። አሜን ላይ ስደርስ ድስቱን አወረድኩ። የቀረውን፣ የመልአኩን ሰላምታ፣ ካወረድኩ በኋላ ቆሜ ጨረስኩት። እሱ የኔ ነው፤ መጽሐፉን አይመለከተውም።

መካከል አልለጠፍኩትም። መጨረሻም አልለጠፍኩትም። በእያንዳንዱ መጽሐፍ የፊት ገጽ ላይ፣ ተርጓሚ በሚለው ቃልና በዶክተሩ ስም መካከል ባለችው ባዶ ቦታ ላይ፣ ትክክል አድርጌ ለጠፍኩት። ሁለት ቀን ሙሉ። ዶክተሩ በሁለተኛው ቀን ገብቶ አንዱን ገለጠ።

«እዚህ ለምን?»

«ስህተት አይደበቅም» አልኩት።

በጣቱ ጫፉን ሊያነሣው ሞከረ። ከገጹ ጋር አብሮ ሊቀደድ ሲል ተወው። ይተወዋላ! ማጣበቂያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጊዜውን ጠብቄ።